ፎቶ የሌላቸው ፎቶ አንሺ

«ወንድሜ አረፈ። ፎቶ ካለሽ ይዘሽ ነይ፤ ከሌለሽም ፈልጊ።»

እትዬ ዘነበች ስልክ ሲደውሉ ሰላምታ የሚያሳጥሩ ሴት አይደሉም። የበጎቹን፣ የገብሱን፣ የጉልበታቸውን ሕመም አንድ በአንድ ካልጠየቅኳቸው ወደ ጉዳያቸው አይገቡም። ያን ቀን ግን የተናገሩት ይህችኑ ብቻ ነው። እኔ ደብረ ብርሃን፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኔ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ማሽኑ የአንድ ተማሪ ወረቀት መትፋቱን አላቆመም። ወንድማቸው ማለት ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። መንዝ፣ ሞላሌ ላይ ለብዙ ዓመታት በአንድ ጣሪያ ሥር አብረን የሠራን፣ የወረዳውን ሰው ሁሉ ፊት ያነሱት ፎቶ አንሺ።

«መቼ ነው?» አልኩ።

«እሱን አትጠይቂኝ» አሉና አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ነገሩኝ። «ጥቢ ነዋ! ሱቁ ሲዘጋ ጊዜ ወጥቷል አሉ። ያንን ቢራቢሮውን ፍለጋ ሄዷል አሉ። ማን ያንኳኳለት? እኔም እዚህ ገጠር ነኝ። እሱ ለካ አልጋው ላይ ነው። ሰንብቶ ነው የተገኘ ልጄ፣ ሰንብቶ!»

ያገኛቸው የእናቱን ፎቶ ለለቅሶ ሊያሳድግ የመጣ ሰው ነው። የጥቢ ማስታወቂያቸው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቢያይም፣ የእሱ ጉዳይ የሚቆይ አልነበረምና በጓሮ ዞሮ መስኮቱን መታ። በሌላ ወር ቢሆን ኖሮ ሱቁ አንድ ቀን ሲዘጋ በሁለተኛው ቀን በራቸው ይንኳኳ ነበር። በመስከረም ግን የእሳቸው ሱቅ መዘጋት ለሞላሌ ሰው አደይ አበባ እንደ መፍካቱ ያለ ነገር ነው። ካሜራቸው ባትሪው ሞልቶ ራስጌያቸው ተቀምጦ ነበር አሉ። ጫማቸውም በሩ ሥር ተዘጋጅቷል። ሊወጡ ነበር ማለት ነው።

የተቀበሩት በተገኙበት ቀን ስለሆነ ለቀብሩ አልደርስም። የቀረው ሰልስት ነው። በእኛ አገር በሰልስት ቀን የሟች ልብሱ ይወጣል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ፎቶው በትልቁ ታትሞ፣ በፍሬም ገብቶ ለቅሶው መሀል ይያዛል። ሰው እሱን እያየ ነው የሚያለቅስ። ፎቶ የሌለው ሟች ሰው የሌለው ይመስላል። ጋሽ ሸዋንግዛው ደግሞ ልጅ የላቸው፣ ሚስታቸውም ቀድመዋቸው ሄደዋል።

«የአገሩን ሙት ሁሉ ፎቶ ሲያሳድግ የኖረ ሰው» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ «ለራሱ ባዶ ወንበር ይለቀስለት?»

እሺ ይዤ እመጣለሁ አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ምን ይዤ እንደምሄድ ጨነቀኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ፎቶ የላቸውም። ለምን እንደሌላቸውም ከእሳቸው በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሞላሌ ላይ የተከራየነው ቤት ሁለት በር ነበረው። በአንዱ በኩል እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ በሌላው በኩል የእሳቸው ፎቶ ቤት ነው። መሀላችን ያለው የችፑድ ግድግዳ ድምፅ አይከለክልም። እኔ ደግሞ ምላሴ ቸኩሎ የተፈጠረ ነው። ከባለጉዳይ ጋር ጭቅጭቅ ጀመር ሳደርግ ከግድግዳው ወዲያ «ሰናይት! ቀስ!» ይሉኛል። ሌላ ነገር አይጨምሩም። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ከአፋቸው የሰማሁት ያችኑ ሁለት ቃል ብቻ ይሆናል።

እሳቸው ከሰው ጋር ብዙ የሚያወሩት ካሜራውን ሲይዙ ነበር። «አገጭህን ከፍ። ጆሮህ ይታይ። ምነው፣ የሞትክ መሰልክ እኮ፤ ገና ነህ!» ይሉታል ገበሬውን። ገበሬው ሳቅ ሲለው ያነሱታል። ቀጥለው «በቃ» ይላሉ፤ ሰውየው ተነስቶ ሲወጣ ፊታቸው ተመልሶ ይዘጋል። ምሳቸውን ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ብቻቸውን ይበላሉ። ሠርግ ሲጠሩ ያነሳሉ እንጂ ማዕድ አይቀርቡም። ሲበዛ ግትር ነበሩ፤ መልካም ነበሩ ብዬ ብቻ ባልፍ ራሳቸው ከመቃብር ተነስተው «ቀስ!» የሚሉኝ ይመስለኛል።

አንድ ኮት ነበራቸው። ግራጫ ነው። በርኖሱን ደርቦ የመጣ ገበሬ፣ ሹራብ የለበሰ ተማሪ፣ አዲስ የተቀጠረ መምህር፣ ሁሉም ያችን ኮት ከምስማሩ አውርዶ ይለብስና ተነስቶ መልሶ ይሰቅላታል። አገር የማያውቅ ሰው ፎቶዎቻችንን ቢሰበስብ መንዞች ሁሉ አንድ ልብስ ሰፊ ነው ያላቸው ይላል። ታዲያ ለቅሶ ሲኬድ፣ ፎቶው ከፍ ሲል፣ ሟቹ የለበሰው ያችኑ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺ ኮት ስንቴ ሞተች?» እላቸዋለሁ ለነገር።

«እሷ አትሞትም» ይሉኛል፤ «አሳጥባታለሁ።»

ሥራቸው ላይ የማይታገሱት ነገር ጥላ ነው። ተነሺው ከነጩ አቡጀዲ ራቅ ብሎ ካልተቀመጠ የራሱ ጥላ ከኋላው ያርፋል። «ጥላ የገባበት ፎቶ ፎቶ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱም አይቀበልህ» ብለው እንደገና ያስቀምጡታል፣ ያውም ለሁለተኛው ሳያስከፍሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እስከ ጳጉሜ ነው። መስከረም ጠብቶ፣ ዝናቡ ቀጥ ብሎ፣ መስኩ ላይ ባለ ሦስት ቅጠሉ ሳር፣ ማገጡ፣ ሲያብብ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው በራቸው ላይ አንዲት ካርቶን ያንጠለጥላሉ፤ «ጥቢ ነው። እመለሳለሁ።» መቼ የሚል የለበትም። ያች ካርቶን ከተንጠለጠለች በኋላ የወረዳው ፎቶ ፈላጊ ሁሉ እኔ ላይ ይዘንባል። ተማሪው ለምዝገባ፣ ሥራ ፈላጊው ለማስረጃ።

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቢራቢሮዎቹን ጠይቅ!» እላለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ቀስ የሚለኝ የለም።

ከተማው የመሰለውን ይል ነበር። ገሚሱ ሥር ማሽ ናቸው፣ ቢራቢሮው ሰበብ ነው ይላል፤ ሰውዬው በማለዳ ሳር ላይ በሆዳቸው ተኝተው ታይተዋላ! ገሚሱ ደግሞ ብቸኝነት አዞራቸው ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። በሌሉበት ጋሽ ቢራቢሮ ይሏቸዋል። ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ያነሱትን ግን ለማንም አያሳዩም፤ ፎቶ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከመታወቂያ ፎቶ በቀር አንዲት ቢራቢሮ ተሰቅላ አላየሁም።

አንድ ዓመት፣ መስቀል ባለፈ በጥቂት ቀን፣ በራሴ ቤት ነገር ተበላሽቶብኝ ነበር። ምን እንደሆነ ማውራቱ አሁን አያስፈልግም። ሱቄ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ከባለጉዳይ ጋርም አልተጣላሁ። ከግድግዳው ወዲያ ካሜራቸውን ሲጠራርጉ እሰማለሁ። በኋላ ድምፃቸው መጣ።

«ነገ ወደ ጓሳ ነኝ። ጫማሽ ደህና ነው?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ሰው ሲጋብዙ እንዲህ ነው። ጫማዬ ደህና አልነበረም፤ ሄድኩ።

መሐል ሜዳ ከተማ አድረን፣ ጎህ ሲቀድ ጥብቁ የሳር መሬት፣ ጓሳ ደረስን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሳሩ እስከ ጉልበቴ ነው፤ በዚያ ዓመት ተዘግቷል፤ ማኅበረሰቡ እስኪከፍተው ማንም አያጭድበትም። ገና ከመንገዱ ወረድ ከማለታችን በርኖስ የደረበ ጠባቂ ዱላውን ይዞ መጣ።

«ምን ጠፍቶባችሁ ነው?»

«ቢራቢሮ» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ጠቦት የጠፋባቸው ይመስል ኮስተር ብለው።

«የማን?»

«የጓሳ ነች።»

«የጓሳ ከሆነች ተዉዋታ!»

«ልተዋት ነው የመጣሁት። አይቻት ብቻ።»

ጠባቂው ወደ እኔ ዞረ። ይህች ደግሞ ምን ሆና ነው የምትከተላቸው እንደማለት ነው። እኔም የማውቀው ነገር አልነበረም። ሰውየው ግን አልሄደም፤ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

ከሳሩ ጠርዝ፣ ማገጡ ከበቀለበት ጋ፣ አንዲት አመዳም ነገር አገዳው ላይ ተለጥፋ አሳዩኝ። ጤዛ ጠጥታለች። እኔ ደረቅ ቅጠል መስላኝ ነበር።

«ይቺ ናት?» አልኩ። ለዚህ ነው ጫማዬ ውሃ የገባው ልል ነበር።

«ዝም ብለሽ ጠብቂ። ብርድ ስለያዛት መብረር አትችልም። ፀሐይ ስትነካት ክንፏን ትከፍታለች። ከሞቃት በኋላ የራሷ ናት፤ ያንቺ አይደለችም።» ቀጥለውም «ጥላሽን እንዳትጥዪባት» አሉኝ። «ፀሐይዋን ትወስጂባታለሽ።»

እርጥቡ መሬት ላይ በሆዳቸው ተኙ። ያቺ አንድ ጎኗ የተሰበረ ባርኔጣቸው ብቻ ሳሩ መሀል ትታየኛለች። እኔ ቁጢጥ ብዬ እግሬ እስኪደነዝዝ ጠበቅሁ። ፀሐይዋ በተራራው ላይ ብቅ ስትል ብርሃኑ ሳሩን እያዳረሰ መጥቶ እሷ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይታ አንዴ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ያን አመዳም ክንፏን ገለጥ ስታደርገው ውስጡ ሰማያዊ ነው። ስፋቷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፤ እኔ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት በእሷ ላይ ስመላለስ እንደኖርኩ እግዜር ይወቅ።

ጋሽ ሸዋንግዛው አላነሷትም። ያዩዋታል። ካሜራው ዓይናቸው ላይ አለ፣ ጣታቸው ግን አይንቀሳቀስም። አለፈችብን ብዬ ልጮህ ስል አንዴ ብቻ ቀጭ አደረጉ። «በቃ» አሉ፤ ልክ ለገበሬው እንደሚሉት።

ሲነሱ ጉልበታቸው ያዛቸው። መሬቱን ተመርኩዘው፣ ሚዛናቸውን ለመጠበቅ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ፀሐይዋ ከኋላቸው ሆነች፤ ጥላቸው ከነባርኔጣው ሳሩ ላይ ተዘረጋና ከእሷ አጠገብ አረፈ። ገና ስላልሞቃት አልበረረችም። እኔም ለካ ስልኬን አውጥቼ ኖሯል፤ እኔም አንዴ ቀጭ አደረግሁ።

«አነሳሽ እንዴ?» ብለው ስልኬን ተቀብለው አዩት። «ጥላዬ ገብቷል። አጥፊው።»

እሺ አልኩ። ኋላ አጠፋዋለሁ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት፤ ከዚያ ወዲያ አላስታወስኩትም።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከፔርሙዙ ሻይ ቀዱልኝ። ፀሐይዋ ትከሻችንን ማሞቅ ስትጀምር፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «ጥሩወርቅን አታውቂያትም» አሉ። እኔ ሞላሌ ስገባ ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል።

«ያኔ ፊልም ነበር። ፊልም ካለቀ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርዶ ማምጣት ነው። አንድ ቀን፣ እንዲህ ጥቢ ነው፣ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ከከተማው በላይ ባለው መስክ ተቀመጥን። ይቺ፣ ይቺው ሰማያዊዋ፣ መጥታ እጅጌዋ ላይ አረፈች። ‹ሸዋዬ፣ ከዚህች ጋር አንሳኝ› አለችኝ። ካሜራው ውስጥ አንዲት ፊልም ቀርታለች፤ ለአንድ ሰውዬ መታወቂያ ቀጥሬባታለሁ። ‹ነገ አነሳሻለሁ› አልኳት። ‹ነገ ይቺ ትመጣለች?› ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።»

ሻያቸውን ትተው የተቀመጥንበትን ድንጋይ በጣታቸው ይፍቁ ጀመር።

«በጋው ሳይወጣ ሞተች። ለለቅሶዋ ፎቶ አምጣ ሲሉኝ የለኝም። የፎቶ አንሺ ሚስት! መታወቂያ እንኳ አላወጣሁላትም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይቀድማታል፤ እሷማ የቤት ሰው ናት፣ ትደርሳለች እላለሁ። ቀሚሷን ይዘው አለቀሱላት። ሊገንዟት ሲሉ ከመታወቂያዬ ላይ የራሴን ፎቶ ልጬ መዳፏ ውስጥ አደረግኩላት። እሷ እንኳ የኔን ይዛ ትሂድ ብዬ። ከዚያ ወዲህ ፊቴን ለማንም ካሜራ አልሰጠሁም፤ አልሰጥምም። እሷ ያላገኘችውን እኔ አላገኝም።»

«ታዲያ ይቺን በየዓመቱ የሚያነሱት ለማን ነው?» አልኩ። ምላሴ መቼም አያርፍ።

«ለእሷ ነዋ» አሉ። «ግን እጅጌዋ ላይ አይደለችም።»

የፔርሙዙን ክዳን መልሼ ገጠምኩ። ሲነሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው የተሰካባትን ሳር አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ካፖርታቸውንም አራገፉ። «ሳሩ ተዘግቷል፤ ይዤ አልወጣም» አሉ። ጠባቂው ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና እስከ መንገዱ ሸኘን።

ከዚያ በኋላ እኔ ኑሮዬንም ሥራዬንም ወደ ደብረ ብርሃን አዞርኩ። በየዓመቱ በጥቢ አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ በስልኬ ትመጣለች፤ ምንም ቃል የለባትም። «ጋሼ፣ ዘንድሮም ያምርባታል» ብዬ እመልሳለሁ፤ እሳቸው መልስ አይመልሱም። ዘንድሮ ሳትመጣ ቀረች። እኔም እንደ ሞላሌ ሰው፣ ኔትወርክ ይሆናል፣ ጓሳ ናቸው አልኩ። ያ ነገር አሁንም ይቆረቁረኛል።

እትዬ ዘነበች የደወሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ የማውቀውን የሞላሌ ሰው ሁሉ በስልክ አዳረስኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ያሉበት ማንኛውም ፎቶ ላኩልኝ አልኩ። ሰው ጉድ ነው፣ ፎቶው እንደ ጉድ ዘነበ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የጥምቀት። በአንዱ ጀርባቸው አለ። በአንዱ ፍላሽ የያዘ እጃቸው። በአንዱ ሙሽሮቹ መሀል መስታወት ላይ የካሜራው ብርሃን ፈንጥቆ ፊታቸውን ውጦታል። የከተማው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው እያየ ፈገግ ብሏል፤ እሳቸው ግን የትም የሉም። ይህን ያህል ዓመት ሰው መሀል ኖረው እንዴት አንድ ሰው ቀና ብሎ አላያቸውም? ኋላ የራሴን ስልክ ወደ ኋላ መፈተሽ ጀመርኩ፤ ያች አጥፊው የተባልኳት ፎቶ እዚያው ቁጭ ብላለች።

ማገጡ አለ። ሰማያዊዋ ክንፏን ከፍታ ተቀምጣለች። ከአጠገቧ ጥላቸው፤ የተሰበረችው ባርኔጣ፣ ክርናቸው፣ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው ካሜራ ሳይቀር ይለያል። ፊት የለውም። ደጋግሜ አየሁትና በትልቁ አትሜ ፍሬም አስገባሁት።

በማግስቱ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ ተሳፈርኩ። ጣርማ በርን አልፈን ወደ ሞላሌ ስንታጠፍ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነው። ፍሬሙን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤዋለሁ። ይህን ሳሳይ ቢስቁስ? ይህችው ናት ያስፈራችኝ።

እትዬ ዘነበች ከፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ካርቶኗን አንስተዋታል። ተቃቅፈን አለቀስን፤ ከዚያ ነጠላውን ገለጡ።

«ምንድን ነው ይሄ? ሳር ነው።»

«ቢራቢሮ አለች፣ ይቺት።»

«ወንድሜስ?»

ጥላውን በጣቴ አሳየኋቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኔ መልኩን ነው ያልኩሽ! ቢራቢሮ ሲያባርር ኖረ ብለው በቁሙ የሣቁበት አነሰና ለቅሶው ላይ ቢራቢሮ ላውጣላቸው? ማንም ሳያየው ሞቶ የሰነበተው አነሰና? ሰው መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው ልጄ?»

ምላሴን ያዝኩ። «ቀስ» አልኩት ራሴን። ከዚያ ጓሳ ላይ የነገሩኝን ሁሉ፣ ምሳውን፣ እጅጌውን፣ አንዲቷን ፊልም፣ ‹ነገ› ያሉትን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ከመታወቂያው ላይ የተላጠውን ፎቶ ያውቁታል፤ ጋሽ ሸዋንግዛው ለሚስታቸው ሲያስይዙ አጠገባቸው ነበሩ። የቢራቢሮዋን ነገር ግን በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልነገሯቸውም።

«እጅጌዋ ላይ?» አሉ።

«አዎ፣ እጅጌያቸው ላይ።»

«አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ለቅሶዋ ላይ የያዝነው እሱን ነው። ወንድሜ ሌላውን አይሆንም፣ እሱን አውጡ ብሎ ለምን እንደጮኸ አልገባንም ነበር።» ፍሬሙን ከእጄ ወስደው ረጅም ጊዜ አዩት። «እኔ እኮ አብዷል ብዬ ነበር ሰናይት። እህቱ ሆኜ አብዷል እል ነበር።»

ከዚያ እንባቸውን ጠርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ሰልስቱ ላይ የመጣው ሕዝብ ይህ ነው አይባልም። ከሀዘኑ ይልቅ እፍረቱ ያመጣው ሰው ይበዛል መሰለኝ፤ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አያይም። ሁላችንም ፎቶ ስንነሳባት የኖርናትን ወንበር አውጥተን ለቅሶው መሀል አደረግናት። መደገፊያዋ ላይ ግራጫዋን ኮት ሰቀልን፤ ፍሬሙን ወንበሯ ላይ አቆምነው። ሰው መጀመሪያ ያየው ኮቷን ነው። አንዲት ሴት «አባቴ!» ብላ ጮኸች፤ አባቷ በዚያች ኮት ነበር ለቅሶው ላይ የወጣ። ከዚያ ሌላው ባሉን፣ ሌላዋ ልጇን እየጠራች ለቅሶው ተቀጣጠለ። ሁሉም የራሱን ሟች አይቶባት ኖሯል።

ኋላ አንድ ሽማግሌ ወደ ፍሬሙ ቀርበው ጎንበስ አሉ።

«ባርኔጣዋን አያችኋት?» አሉ ወደ ሰው ዞረው። «እሱ ነው።»

አንድም ሰው አልሳቀም። በየተራ እየቀረቡ፣ ጎንበስ እያሉ አዩ። ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ የኖሩትን ሰው ያን ቀን ሁሉም አያቸው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ደስታዬን የማካፍለው ሰው ግን አልነበረኝም።

ለቅሶው ሲበተን እትዬ ዘነበች እጄን ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወሰዱኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው የተቀበሩት ከእትዬ ጥሩወርቅ ጎን ነው፤ የእሳቸው አፈር ገና ጥቁር ነው፣ የሚስታቸው ላይ ሳር በቅሎበታል። ያመጣሁትን ሰጠኋቸው። በዋዜማው የለመኑኝ እሱን ነበር፤ ያችኑ ፎቶ በመታወቂያ ልክ አድርጌ፣ በጋሽ ሸዋንግዛው መቀስ ቆርጬ አምጥቼዋለሁ። ስትጠብ የቀሩት ሰማያዊዋና ባርኔጣዋ ብቻ ናቸው።

እትዬ ዘነበች በሚያማቸው ጉልበት ተንበረከኩ። በእትዬ ጥሩወርቅ መቃብር ራስጌ ሳሩን ገለጥ አድርገው አፈሩን በጣታቸው ጫሩና ፎቶዋን ከተቱ። መልሰው ሸፈኗት፤ በመዳፋቸውም ደልደል አደረጉት።

«ይኸው ጥሩዬ» አሉ። «ያልሽውን አምጥቶልሻል። ዘገየ እንጂ አልረሳሽም።»